ከሞጣ የመጣው በሶ

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና ክረምት ነው። ወታደር ነኝ። ካምፓችን የት እንደሆነ መናገር ስለማይገባኝ አልናገርም፤ ደጋ መሆኑንና ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ መሆኑን ብቻ ያዙልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ ከዚያ የባሰ የሚያስፈራም አይቻለሁ። በሶ በበጠበጥሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን ያ ክረምት ነው። እስከዚያ ድረስ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅማ።

ሰው በበሶ ይቀናል ወይ ትሉ ይሆናል። ይቀናል። እኔ ቀንቻለሁ።

የቢቸና ልጅ ነኝ። እናቴ የሞተችው ነፍስ ሳላውቅ ነው፤ ያደግሁት አጎቴ ዘንድ ነው። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም የሰው ቤት የሰው ቤት ነው። የኔ የምለው ቤት ያገኘሁት ባንቺአየሁን ሳገባ ነው። አሁን ሁለት ሴቶች ልጆች አሉን። እንግዲህ አንድ ያለችው ሰው ያቺኑ አንዷን አጥብቆ ይይዛል። ቀናተኛ ነኝ፤ አልክድም። ሚስቴም ታውቃለች፣ ጎረቤትም ያውቃል።

በካምፕ ድንኳን የምጋራው ይበልጣል ከሚባል የሞጣ ልጅ ጋር ነበር። ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሲናገር ሰው የሚሰበስብ ዓይነት። ስሙ ራሱ ቀናተኛ ሰው ያስቆጣል። አላገባም። ከእናቱ በቀር ወገን የለውም፤ እናቱም ያለ እሱ ልጅ የላቸውም። እውነቱን ለመናገር እንደ ወንድም ነበርን። በአንድ ኩባያ ሻይ ጠጥተናል፤ አንዳችን ሲያመን ሌላችን ዘብ ቆመንለታል።

ክረምቱን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ድንኳኑ ያፈስሳል። ዙሪያውን ቦይ እንቆፍራለን፤ ሲነጋ ደለል ሞልቶት እናገኘዋለን፤ እንደገና እንቆፍራለን። ካልሲ የሚባል ነገር አይደርቅም። እርጥቡን ካልሲ ደረታችን ላይ አድርገን እንተኛለን፣ በገላችን ሙቀት እንዲደርቅ። እንጨቱ ጭስ እንጂ እሳት አይወጣውም። ኮቾሮ የምንለው የወታደር ደረቅ ብስኩት ደግሞ በሻይ ካልተነከረ ጥርስ ያወልቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከቤት የሚመጣ ስንቅ ሆድ መሙያ ብቻ አይደለም። ከረጢቱ ሲፈታ ቤትህ ድንኳን ውስጥ ይገባል።

የእኛ ስንቅ የሚመጣው ተያይዞ ነው። የይበልጣል እናት፣ እማማ ጥዑም፣ ሞጣ ላይ አዘጋጅተው ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣሉ። ቢቸና ላይ ባንቺአየሁ ትቀበልና ከኔው ጋር አድርጋ ከፈቃድ ለሚመለስ ጓድ ታስይዛለች። ሁለት ከረጢት ነው፤ በአንዱ ላይ የኔ ስም፣ በአንዱ ላይ የሱ ስም ይጻፍበታል።

የሁለቱ ቤት በሶ ግን ለየቅል ነው። የእማማ ጥዑም ገብሱ በደንብ የታመሰ፣ ጨው ብቻ ያለው፣ ንጹሕ በሶ ነው። ባንቺአየሁ ደግሞ በሶ ላይ ጦስኝ ትጨምራለች። ይህን የምታደርግ ሌላ ሴት እስካሁን አላየሁም። ጎረቤቶቿ «ይኸ በሶ ነው ወይስ ሻይ?» እያሉ ይስቁባታል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ገርሞኝ ነበር፤ ኋላ ለመድሁት፤ ከዚያ ያለ እሱ በሶ በሶ አልመስል አለኝ።

ሰኔ ላይ ስልኬ ውሃ ገብቶበት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ባንቺአየሁ የምትደውለው በይበልጣል ስልክ ሆነ። ኔትወርክ የሚገኘው ከካምፑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ሁለታችንም እንወጣለን። ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው፤ ስልኩ የሱ ነዋ። ታዲያ ሁለቱ ሰላምታቸው አያልቅም። እሱ አንድ ነገር ይላታል፣ እሷ ትስቃለች፤ ሳቋ እኔ ድረስ ይሰማል። ወደ እኔ ሲደርስ ግን «ደህና ነህ? ልጆቹ ደህና ናቸው። በል ካርዴ አለቀ» ነው። ሳቁ ለሱ፣ ካርድ ማለቁ ለኔ።

ይህንን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልሁት የሐምሌውን ከረጢት ነው።

ቀኑን ሙሉ ዘንቦብን ከግዳጅ ስንመለስ ስንቁ ደርሶ ጠበቀን። እኔ የኔን በጠበጥሁ፤ እሱ የሱን ጭብጦ አድርጎ አሸ። ጦስኝ ሸተተኝ። የኔው ነው ብዬ ኩባያዬን በመዳፌ ከደንሁት። አሁንም ይሸታል።

«እስኪ አቅምሰኝ» አልሁት።

ቆርሶ ሰጠኝ። ጦስኝ! የባንቺአየሁ እጅ ራሱ። እሱም ብቻ ቢሆን ደግ፤ የሱ ጭብጦ በቅቤ ርሷል። የኔ ጠብታ ቅቤ የለውም።

«እናትህ ዘንድሮ ቅቤ ጨመሩልህ?» አልሁት።

«አዎ፣ ጨመረች» አለ። ያ ቀልደኛ ሰው ጭብጦውን እያየ ቀስ ብሎ በላና ፊቱን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እኔ ይህን አየሁና ጥፋቱን ሊደብቅ ነው አልሁ። ቅናት የገባበት ሰው ሁሉን ነገር ለዚያው ይተረጉመዋል።

በማግስቱ ጉብታው ላይ ወጥቼ ጠየቅኋት።

«የይበልጣልን በሶ ማን ነው ያዘጋጀው?»

«እናቱ ናቸው እንጅ ማን ይሁን?»

«ጦስኝ ጦስኝ ይላል።»

«ከረጢቶቹ አንድ ላይ ሲውሉ ተጋብቶበት ይሆናላ» አለች።

«ቅቤውስ? ቅቤም ይጋባል?»

«ደሞ ጀመረህ!» ብላ ሳቀች። ካርዷ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አታንሱብኝ። አጠገቤ ተኝቶ የሚያንኮራፋውን ሰው እያየሁ ምኑ ነው ከኔ የሚበልጠው እያልሁ አስባለሁ። ቁመቱ ነው? ጨዋታው ነው? ሲያናግረኝ በአጭሩ እመልሳለሁ። ካልሲውን ከኔ ካልሲ አጠገብ ሲያሰጣ እንኳ የኔን አነሳለሁ። እሱም ከፊቱ ይልቅ ጨዋታው ቀንሶ፣ ብቻውን ጉብታው ላይ ይወጣ ጀመር። ስልኩን ይዞ! ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል ባንቺአየሁ ደወለች። «ሱባኤ ልገባ ነው። ስልኬን እዘጋዋለሁ፤ እንዳታስብ» አለችኝ። በእኛ አገር በፍልሰታ ሰው ቤቱን ዘግቶ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይሰነብታል፤ ስልክም ይዘጋል፤ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። ግን በዚያው ሳምንት ይበልጣል ለአጭር ሥልጠና ወደ ሌላ ካምፕ ነው የምሄደው ብሎ ጓዙን ሸክፎ ወጣ። እሷ ስልክ ዘጋች፤ እሱ ካምፕ ለቀቀ። ሁለቱን ገጣጠምሁ። ሥልጠናውን የላከው አዛዥ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ገጣጠምሁ።

ሳይታሰብ የኔ የፈቃድ ተራ ደረሰ። መቶ አለቃው ጠርቶ ሲነግረኝ ሌላው ቢሆን ይጨፍራል፤ እኔ ግን ጉዴን ላይ ነው የምሄደው ብዬ ተነሣሁ። ለቤት አልነገርሁም። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳሰላ ነው የሄድሁት። ዓባይ ድልድይን ስንሻገር ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ወንዙን ሲያይ እኔ ጣቶቼን ነው የማየው።

ቢቸና ስደርስ በሬ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ልጆቼን ጎረቤታችን እትየ ዘውዴ ዘንድ አገኘኋቸው። ትንሿ እግሬ ላይ ተጠመጠመች።

«ባንቺአየሁ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የገባች?» አልኋቸው እትየ ዘውዴን።

«ኧረ ሞጣ ነች። አልነገረችህም እንዴ?» አሉ።

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ትንሿ ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «እማ ይበልጣል ቤት ነው የሄደች» አለችኝ።

ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። እትየ ዘውዴ ውሃ አምጥተው «ምን ሁነህ ነው? መንገዱ ነው?» ይላሉ። መንገዱ ነው አልኋቸው።

በማግስቱ ማልጄ የሞጣውን ሚኒባስ ያዝሁ። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ፊቴን ደጋግመው አዩና «ልጄ፣ አሞሃል?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ አባቴ።»

«እንዲያው ፊትህ የደህና ሰው አይመስልም» ብለው ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። በብርድ የተያዝሁ መስሏቸው ነው። ያን ጋቢ ሞጣ እስክንደርስ አላነሱብኝም፤ እኔ ደግሞ በሽማግሌው ጋቢ ውስጥ ሆኜ ሰው ስለመግደል ነበር የማስበው። እንዲህ ነኝ እንግዲህ።

ሞጣ ላይ ወርጄ የእማማ ጥዑምን ቤት ጠየቅሁ። አንዲት ሴት በጭቃው መንገድ እስከ አጥሩ ድረስ ወሰደችኝ። ቤቷ ትንሽ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል። ከበሩ ሥር ከስክስ ጫማ ተቀምጧል፤ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ማሰሪያው ተፈቶ። ቁጥሩን ጎንበስ ብዬ ማየት አላስፈለገኝም። እንደዚያ ያለ ትልቅ እግር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

ከዚያ በኋላ በሩን እንዴት እንደከፈትሁት አላስታውስም።

ባንቺአየሁ መደቡ ላይ ተንበርክካለች። በአንድ እጇ የአንዲት አሮጊት ጀርባ ደግፋ፣ በሌላው የአጃ ሙቅ ታጠጣለች። አሮጊቷ ከአጥንት በቀር ምንም የላቸውም። በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

«አንተ! ምን ሁነህ መጣህ?» አለች ባንቺአየሁ።

አሮጊቷ ቀና ለማለት ሞከሩ። የጫማዬን ድምፅ ሰምተዋል። «ማነው? ይበልጣል ነው? ልጄ ነው?» አሉ።

ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

«አይደለም እማማ፤ ባለቤቴ ነው» አለች ባንቺአየሁ።

«እሰይ፣ እሰይ። የልጄ ጓድ ነዋ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምሁ።

ነገሩን ባንቺአየሁ ነች ያስረዳችኝ። እማማ ጥዑም በሰኔ ታመው አልጋ ያዙ። የልጃቸው ስንቅ ሊቀር ሆነ። ስንቁ ከቀረ ልጁ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ይሰማል፤ ከሰማ ፈቃድ ሳይጠብቅ ጥሎ ይመጣል፤ ጥሎ ከመጣ ደግሞ ከዳ ይባላል። እሳቸው የፈሩት ከሞታቸው ይልቅ ይህን ነው። ስለዚህ ስልክ አስደውለው ባንቺአየሁን ለመኗት፤ በሶውን በሳቸው ስም እንድታዘጋጅ፣ ለማንም እንዳትናገር በማርያም አስማሏት። ቅቤው የሳቸው ላም ቅቤ ነው። ጎረቤት እያለበና እየናጠ ሲያነጥርላቸው በዚያው ሚኒባስ ወደ ቢቸና ይልኩታል። ጫማው የልጃቸው አሮጌ ጫማ ነው፤ ወንድ ያለበት ቤት እንዲመስል በየጠዋቱ በር ላይ ያስወጡታል።

«እና ለኔ እንኳ አትነግሪኝም?» አልኋት።

«ላንተ? አንተ ሆድ ውስጥ ነገር ያድራል? ድንኳን ሳትገባ ትነግረው ነበር።»

«ሱባኤ ነው የምገባ አላልሽኝም?»

«ሱባኤየ ይኸው ነው» አለች ወደ አልጋው እያየች።

«ቅቤውስ? ለኔ ትንሽ ጠብ ብታደርጊበት ምን ነበር?»

«የላሚቱ ቅቤ ለልጃቸው ነው። ያንተ ላም የታለችና?»

ከዚያ ፊቴን አየች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ምን ብዬ እንደመጣሁ ገባት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ምንድን ነው? ለኔም ንገሩኝ እንጅ» አሉ እማማ ጥዑም።

«ቀንቶ ነው እማማ!»

«በማን?»

«በይበልጣል!»

እማማ ጥዑም ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ባንቺአየሁ ጀርባቸውን ያዘች። ሲመለስላቸው «እሰይ! ልጄ የሚቀናበት ሰው ወጣው!» አሉ። እንደዚያ ደስ ያላቸውን ሰው አይቼ አላውቅም። እኔን ደግሞ እንደ ባንቺአየሁ በማርያም አስማሉኝ። ለልጃቸው ምንም እንዳልናገር።

ፈቃዴ አልቆ ስመለስ ጾሙ ተፈትቷል። ሁለት ከረጢት ይዤ ነው የገባሁት። ይበልጣል ከሥልጠናው ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ካልሲ ሲያደርቅ አገኘሁት። ሥልጠናው እውነት ነበር፤ ምስክር ወረቀቱንም አሳየኝ። በመንገድ ሁሉ ያጠናሁትን ውሸት አዘጋጅቼ ከረጢቱን ሰጠሁት።

አልፈታውም። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ቆየ።

«አለች?» አለኝ።

«ማን?»

«ተው እንጅ። እናቴ አለች?»

የማልሁት መሐላ ትዝ አለኝ። «አለች» አልሁት።

ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት። ከዚያ ተናገረ። ከሐምሌው ጭብጦ ጀምሮ ነው ያወቀው። እናቱ ጦስኝ በሶ ላይ አድርገው አያውቁም። እየደወለ ሲጠይቃቸው «ደህና ነኝ፣ ራሴ ነኝ የቆላሁት» ይሉታል፤ ድምፃቸው ግን በየጊዜው ይቀንሳል፤ ኋላ ጭራሽ ስልኩ አልነሳ አለው።

«ባንተ በኩል ልጠይቅ እልና ደሞ የምሰማውን እፈራለሁ። ቅቤውን ግን አውቀዋለሁ፤ የላማችን ነው። ቅቤው እስከመጣ እናቴ አለች እል ነበር። ጾሙ ሲገባ መላው ጠፋኝ። በጾም ቅቤ የለ! አለች ይሁን የለች በምን ልወቅ?»

ለካ ጉብታው ላይ ብቻውን ሲወጣ የኔን ሚስት ሊያናግር አልነበረም። እኔ ስለ ቅቤው በቅናት ስቃጠል እሱ ያንኑ ቅቤ እየቀመሰ የእናቱን ዕድሜ ይለካ ነበር። በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ከረጢት ላይ።

«ፍታው» አልሁት። ፈታው። ቅቤ ነበረበት። ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አልቀረሁለትም።

መሐላዬን በማግስቱ ለመቶ አለቃው አፈረስሁት። ማርያም ይቅር ትበለኝ። መቶ አለቃው ሰምቶ ፈቃድ ሰጠው፤ የሱን ዘብ እኔ ቆምሁለት። ይበልጣል ከዳ ሳይባል፣ ወረቀቱን ይዞ፣ በቀን ብርሃን ሞጣ ገባ። መስቀልን ከእናቱ ጋር ዋለ። የጦስኙንም ነገር ያኔ ነው የነገራቸው፤ እማማ ጥዑም ስቀው ባንቺአየሁን ከቢቸና አስጠሩና የራሳቸውን አሠራር፣ ገብሱ ምን ያህል እንደሚታመስ፣ ጨዉ መቼ እንደሚገባ፣ አልጋ ላይ ሆነው አንድ በአንድ አሳዩዋት። ኅዳር ሳይገባ ዐረፉ። ፈቃዱ ተራዝሞለት ልጃቸው አጠገባቸው ነበር።

ላሚቱ አሁን ቢቸና እኛ ግቢ ውስጥ ናት።

ባለፈው ክረምት እንደገና ሁለት ከረጢት መጣ። ይበልጣል ጭብጦውን አሸና ጎረሰ። አላኘከም። አፉ ውስጥ ይዞት ለብዙ ጊዜ ቆየ።

«እናቴ ናት» አለ።

እንግዲህ ተፈውሰሃል ወይ ብትሉኝ አልተፈወስሁም። ያን ጊዜ ከሐምሌው የበለጠ ቀናሁ። እኔ የእናቴን በሶ ቀምሼ ይሆናል፤ አላስታውሰውም። ጨው ታበዛ ነበር? ታሳንስ ነበር? የሚያውቅ ሰው የለም። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ የተማረላት ሰው የለም። የሱ እናት ሞተውም በሶ ይልኩለታል።

የኔን በጠበጥሁ። ጦስኙ ሸተተኝ። ቢቸና ያለው ደጄ፣ ልጆቼ፣ የባንቺአየሁ ሳቅ፣ ሁሉም መጣ።

«እስኪ ከዚያች ከጦስኟ አቅምሰኝ፤ ለምጃት ነበር እኮ» አለኝ ይበልጣል።

ኩባያዬን በመዳፌ ከደንሁ። ቅቤውን ይውሰድ፣ ቁመቱንም፣ ጨዋታውንም። ጦስኙን ግን አልሰጠሁትም፤ ዛሬም አልሰጠውም።